እረኛው ልጅ የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ጋዜጣችሁ ላይ የመማሪያ ክፍል መጣበብን የሚያነሳ ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ነው፣ እውነትም ነው። እኔም መምህር ነኝ፣ መጣበቡን አውቀዋለሁ። ግን አንድ ነገር ተዘሏል። ስንት ልጅ ትምህርት ቤት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማን ያውቅ ነበር? ማንም! ኢትዮጵያ ሕዝቧን ከቆጠረች እኮ ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው።

በግንቦት 1999 ቆጣሪ ነበርኩ። ምድቤ መንዝ ነበር። ቅጹን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ዱላ ይዤ፣ ከውሻ ጋር እየታገልኩ ቤት ለቤት እዞራለሁ። አንድ ቤት ገብቼ ስንት ሆናችሁ እንደምትኖሩ ንገሩኝ ስል እናትየው “አምስት ነን” አሉ። ዘወር ስል አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ በጎቹን እያስገባ ነው። “ይሄስ?” አልኩ። “እሱማ እረኛ ነው፣ የኛ ልጅ አይደለም።” እቤታቸው እስከኖረ ድረስ ዘመድ ሆነ አልሆነ ይቆጠራል ብዬ አስረድቼ ጻፍኩት። በኋላ ሳስበው ግን፣ የወላጆቹ ቤት የደረሰው ቆጣሪ ቢጠይቅም መልሱ “እሱ እዚህ የለም፣ ተቀጥሮ ሄዷል” ነው የሚሆነው። እዚያም የለ፣ እዚህም የለ። አራስ ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ገና ስም የለውምና ካልተጠየቀ የሚያነሳው የለም።

አንዲት ባልቴት ደግሞ ጭራሽ አልቆጠርም አሉ። “ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሰፍት ወረደ፤ አንተ ማን ሆነህ ነው?” ሲሉኝ፣ “እማማ፣ እመቤታችን ቤተልሔም የወረደችው ለመቆጠር አይደል እንዴ?” አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ “በል ቁጭ ብለህ ጻፍ፤ በጎቹን ግን እንዳትነካ” አሉኝ። ግብር መስሏቸው ነው።

ያኔ የአገሩ ሕዝብ 73.9 ሚሊዮን ሆነ። በ1987 ከ53 ሚሊዮን ትንሽ በለጥ ያለ ነበር። የአማራ ክልሉ ሰሜን ሸዋ 1,837,490፣ ደብረ ብርሃን 65,231። እስቲ የዛሬዋን ደብረ ብርሃን የሚያውቅ ይህን ቁጥር ይይ! ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፣ ፋብሪካው ተደረደረ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፈተ፣ ከወለጋና ከሌላም ቦታ የተፈናቀለው ወገናችን መጠለያ ውስጥ ዓመታት ገፋ። በ2013 ደግሞ አጣዬ ስትቃጠል ሕዝቡ ባንድ ጊዜ ወጣ። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን የሚሠሩት በትንበያ ነው። ትንበያ ማለት የ1999ኙን ቁጥር እያባዙ መሄድ ነው፤ ሌሊት ልጁን አዝሎ የሸሸን ሰው አያይም።

ጣርማበር በኩል የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጓደኛ አለችኝ። በየዓመቱ ዕቅድ ይወርድላታል። የነፍሰ ጡሮች ቁጥር ከቀበሌው ሕዝብ በመቶኛ ተሰልቶ ነው የሚመጣው፤ የቀበሌው ሕዝብ ራሱ ደግሞ ግምት ነው። ቤት ለቤት ዞራ ያገኘቻቸው ከዕቅዱ ካነሱ “አልሠራሽም” ትባላለች። “ከየት ላምጣ፣ እኔው ላርግዝላቸው?” አለችኝ አንድ ቀን። ተፈናቃይ የገባበት ቀበሌ የምትሠራዋ ደግሞ በተቃራኒው ክትባቱን ከመቶ በመቶ በላይ አሳክታ ትሸለማለች፤ ክትባቱ ግን አልቆባታል። ሁለቱም ልጆች ጎበዞች ናቸው። ጥፋቱ የቁጥሩ ነው።

ናሙና ጥናት አለ እኮ የሚሉ አሉ። አለ። ግን ናሙና ስለ ክልል ይነግርሃል እንጂ ስለ አንድ ቀበሌ አይነግርህም። ናሙናውም የሚወጣው ከቆጠራ መዝገብ ነው፤ የ2008ቱ ትልቁ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ራሱ ናሙናውን ያወጣው ከ1999ኙ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ላይ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የምርጫ ክልል የሚሸነሸነው በዚያ ነው፣ የክልሎች ድጎማም ሲቀመር የሕዝብ ብዛት ይገባበታል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 መካሄድ ነበረበት፤ ተራዘመ፣ ለ2011 ተባለ፣ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ደግመው አራዘሙት። ካርታው ተነስቶ፣ ወደ 149 ሺህ የቆጠራ ቦታ ተከልሎ፣ ታብሌቱ ሁሉ ተገዝቶ ነበር። ምክንያቱ ሰላም ነበር፣ አልክድም። መንገድ ተዘግቶ ግማሹን ከመቁጠር ትንሽ መቆየት ይሻላል እላለሁ። ግን ቀን ያልተቆረጠለት ነገር “ተራዘመ” ይባላል? ቀን ይቆረጥ፣ ምን ሲሟላ እንደሚቆጠርም በግልጽ ይነገረን።

አንዳንዱ አንባቢ “ቢቆጠርስ ምን ዋጋ አለው” እንደሚል አውቃለሁ። የ1999ኙ ውጤት ሲወጣ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተተነበየው በ2.4 ሚሊዮን ገደማ አንሶ መምጣቱ እዚህ አካባቢ አልተረሳም፤ ገበያ ላይም ጠላ ቤትም ይነሳል። ለእኔ ግን ይህ የሚያሳየው የቆጠራው ሥራ በሁሉም ዓይን ሥር መሠራት እንዳለበት ነው። ውጤቱ እስከ ቀበሌ ድረስ ይውጣ። ማንም ሰው የቀበሌውን ቁጥር አይቶ “ይሄማ ልክ አይደለም” ማለት ይቻለው። ቆጣሪውም ምንጃር ጤፍ አጨዳ የሄደውን የቀን ሠራተኛ፣ ገዳም ያለውን መነኩሴ፣ መጠለያ ያለውን ተፈናቃይ እንዳይዘል ተደርጎ ይሠልጥን። በእኛ ጊዜ ስለ እረኛ በደንብ የነገረን አልነበረም።

ያ ልጅ አሁን ወደ ሠላሳ ይጠጋል። ወልዶም ይሆናል። ከወለደ፣ ልጆቹን የጻፋቸው ቆጣሪ የለም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን