አላስቀምጥ ያለችኝ መነኩሴ

ውድ እሙዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? ጠፋሁ አይደል? አንቺም ብትሆኚ ድምፅሽ የለም፤ ወቀሳውን ስንገናኝ በቡና እንጨርሰዋለን። ዛሬ ብዕር ያስነሳችኝ አንዲት መነኩሴ ናት።

ሶር ኹዋና ኢኔስ ዴ ላ ክሩዝ ትባላለች። ሜክሲኮ በስፔን ሥር በነበረችበት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች ናት። ገና በሦስት ዓመቷ እህቷን ተከትላ ሄዳ መምህሯን «እናቴ እኔንም አስተምሪያት ብላለች» ብላ ዋሽታ ፊደል ቆጠረች። ትንሽ ከፍ ስትል ደግሞ የወንድ ልብስ አልብሺኝና ዩኒቨርሲቲ ላኪኝ ብላ እናቷን ነዘነዘች። ማን ሊሰማት! ትዳር አልፈለገችም፤ እ.ኤ.አ. በ1669 ገዳም ገባች።

በ1690 ፑዌብላ የምትባለው የሜክሲኮ ከተማ ጳጳስ፣ እሷ የአንድ ስመ ጥር ሰባኪን ስብከት የተቸችበትን ጽሑፍ ሳያስፈቅዳት አሳተመው። አብሮም «ሶር ፊሎቴያ» በሚል የመነኩሲት ስም ተደብቆ፣ የዓለሙን ትምህርት ቀነስ አድርጊና መንፈሳዊውን አንብቢ ብሎ ገሠጻት። ጉድ እኮ ነው! ሴት ለመገሠጽ የሴት ስም መበደር።

በ1691 መልስ ጻፈችለት። አንገቷን ደፍታ ትጀምርና ቀስ በቀስ መላወሻ ታሳጣዋለች። ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ የሚለው የጳውሎስ ቃል በአደባባይ መስበክን እንጂ በግል መማርን፣ መጻፍን አይከለክልም አለች። ወንድ ስለሆኑ ብቻ ቅዱስ መጽሐፍን እንተርጉም የሚሉትንም አልማረቻቸውም። አባቶች ልጃቸውን ለወንድ መምህር መስጠት ስለሚፈሩ ሴቶቹ ሳይማሩ ይቀራሉ፤ የተማሩ አሮጊቶች ቢኖሩ ይህ ሁሉ በቀረ ነበር ትላለች። ከዚያ የጥበበኛ ሴቶችን ስም ስትደረድር ማን ብቅ ብትል ጥሩ ነው? ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ የፈተነችው ንግሥተ ሳባ! ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

የወጥ ቤቷን ወሬ ግን ከሁሉም ወደድኩት። አንዴ አለቃዋ መጽሐፍ እንዳትነኪ ብላ ሦስት ወር ያህል ከለከለቻት። እሷ እቴ! ያየችውን ሁሉ መመርመር ያዘች። ወጥ ቤትም ብትገባ ያው ናት፦ እንቁላል በቅቤ ወይም በዘይት ሲጠበስ ይያያዛል፣ በስኳር ሽሮፕ ውስጥ ግን ይበታተናል፤ ለምን? አርስቶትል ምግብ ቢያበስል ኖሮ ከዚህም በላይ በጻፈ ነበር ትላለች። ይህን ለጳጳስ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

መጨረሻዋ ያናድዳል። በ1694 የምንኩስና ቃል ኪዳኗን በደሟ ፈርማ አደሰች፤ ከመጻሕፍቷም ተለየች። በዓመቱ ወረርሽኝ ገብቶ የታመሙ የገዳም እህቶቿን ስታስታምም ሞተች። በገዛ ፈቃዷ ነው የተወችው የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም፤ እንዲያ የጻፈች ሴት ሳይገፏት ብዕሯን አትጥልም።

ገዳም ያሉት አክስትሽ፣ እማሆይ፣ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ስትሄጂ ጠይቂያቸውና ያሉሽን ሳትቆራርጪ ጻፊልኝ።

ያንቺው
ሰብለ