የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ ሰባት ሜትር ሲባጎና የአልዛይመር ፕላክ

የ2017 ዓ.ም. ዋናው ሥራችን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነበር፤ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሰዎች በአብዛኞቹ አንጎል ውስጥ 40 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ፕላክ፣ ማለትም በነርቭ ሕዋሳት መካከል የሚጠራቀም የፕሮቲን ክምችት፣ የሚገኘው ለምንድን ነው?

ጆርጅ ግሌነርና ኬን ዎንግ እ.ኤ.አ. በ1984 ከአንጎል የደም ሥሮች ለይተው ያወጡት ቤታ አሚሎይድ የተባለው የፕሮቲን ቁራጭ በአልዛይመርም በዳውን ሲንድረምም አንድ ዓይነት ነው። ቁራጩ የሚወጣበት ትልቁ ፕሮቲን ኤፒፒ ሲሆን ጂኑ ያለው 21ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። በዳውን ሲንድረም ይኸው ክሮሞዞም ሦስት ይሆናል።

ሞዴሉን የሠራነው በሲባጎ ነው። በነርቭ ሕዋሳት የሚበዛው ኤፒፒ 695 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች) ስላሉት፣ ለአንዱ 1 ሴ.ሜ. ሰጥተን 6 ሜትር ከ95 ለካን። ቤታ ሴክሬቴዝ የተባለው ኢንዛይም 596ኛው ላይ ሲቆርጥ 99 ይተርፋል። ከዚያ ላይ ጋማ ሴክሬቴዝ የተባለው ሌላ ኢንዛይም ብዙውን ጊዜ 40፣ አንዳንዴ 42 ቆርጦ ይለቃል። ሦስተኛው ኢንዛይም፣ አልፋ ሴክሬቴዝ፣ ከቀደመ ግን መቀሱ በቁራጩ መሐል፣ ከ16ኛው ቀጥሎ ያርፋል፤ ያን ጊዜ ቤታ አሚሎይድ አይፈጠርም።

የናይለን ሲባጎ ሲወጠር ይለጠጣል፤ በሰባት ሜትር ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማዛባቱ አይቀርም። ቁም ነገሩ ያለው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሴንቲ ሜትሮች ላይ ነው። ስለዚህ ሳይወጠር ይለካ፤ ከመጀመሪያው ቆረጣ በኋላ ሜትሩ እንደገና ከዜሮ ይጀምር።

41ኛውና 42ኛው አሚኖ አሲዶች ውኃ ይሸሻሉ፤ ስለዚህ ባለ 42ቱ ቁራጮች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ይህን ለማሳየት የ42ቱን ጫፍ ሰም ቀብተን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አማሰልን። ውኃው ከ60 ዲግሪ ካለፈ ሰሙ ቀልጦ ይንሳፈፋል፤ ከቀዘቀዘ ይደርቅና አይጣበቅም። ሰም የነካቸው እንደ ነገሩ ይጠላለፋሉ፤ በእውነተኛው ፕላክ ግን ቁራጮቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው ቀጭን ክር ይሠራሉ። ይህን ልዩነት ሳይነግሩ ሞዴሉን ማሳየት ያሳስታል።

ብዙ ተማሪ ተጨማሪው ክሮሞዞም የተበላሸ ፕሮቲን የሚያመርት ይመስለዋል። ፕሮቲኑ ያው ነው፤ የበዛው መጠኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተዘገበችው የ78 ዓመት ሴት ዳውን ሲንድረም ነበረባት፤ ነገር ግን የተደገመው የክሮሞዞም ክፍል የኤፒፒን ጂን ስላልያዘ አልዛይመር አልያዛትም። ከማስረጃዎቹ ሁሉ ይህን የሚተካከል አላገኘሁም።

ፕላክ ተገኘ ማለት ግን ሰውየው መርሳት ጀምሯል ማለት አይደለም፤ በመካከሉ ዓመታት አሉ። በሕዋሱ ውስጥ የሚቋጠረውን ታው የተባለ ፕሮቲን ለ2018 አሳድረነዋል።