ቀጠሮው ላይ ሰዓትም ይጻፍልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ለክትትል እወስዳታለሁ። የቀጠሮ ካርዷ ላይ ቀን እንጂ ሰዓት የለም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ካርድ ክፍል በር ላይ ይሰለፋል። ባለፈው ሐኪሙ ጋ የገባነው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው! እኔም የዚያን ቀን ሥራ ቀረሁ።

በጾም የስኳር ምርመራ ያለበት ሰው ቢያንስ ለ8 ሰዓት ያህል ምግብ ሳይቀምስ መቆየት አለበት። ጠዋቱ ለእሱ ይሁን። ውጤት ለማሳየት ወይም መድኃኒት ለማሳደስ ብቻ የሚመጣው ግን ከሰዓት ቢቀጠር ምን አለበት? ከክፍለ ሀገር የሚመጣም አለ፤ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚያደርሰው የሚያውቀው እሱ ነው። እናቴ ብትጠየቅ መልሷ አንድ ነው፦ «ከቅዳሴ በኋላ።» ግን «መቼ ይመችዎታል?» ያላት የለም።

አስታማሚ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ