ያልዘፈንሁበት አልበሜ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው እሑድ የመጀመሪያ አልበሜ ሊታተም መሆኑን በስልክ ስነግርዎት፣ «ዘፋኞቹ ሌሎች ከሆኑ፣ ስምሽ ከላይ የሚጻፈው በምን ምክንያት ነው? እንዳንቺ ዲጄ የሆነው ሮፍናን እንኳ በ2010 ዓ.ም. ‹ነጸብራቅ›ን ሲያወጣ ራሱ ነው የዘፈነው» ብለው ጠየቁኝ። በሰዓቱ የረባ መልስ አልሰጠሁዎትም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድሁ።

ደሴ ፒያሳ የነበረችውን ካሴት ቤትዎን ያስታውሱ። ደንበኛው ዐሥራ ሁለት ዘፈን በወረቀት ጽፎ ይሰጥዎታል፤ እርስዎ ግን እንደ ጻፈው አይገለብጡለትም ነበር። ባለ 60 ደቂቃው ካሴት በአንድ ገጹ የሚይዘው 30 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ መጨረሻው ዘፈን መሐሉ ላይ እንዳይቆረጥ የእያንዳንዱን ርዝመት በእርሳስ ይደምሩ፣ ይቀንሱ፣ ቦታ ያለዋውጡ ነበር። የባቲን ቅኝት በባቲ ላይ አይደርቡም፤ ጆሮ ይሰለቻል ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜማ አንዱ ሙሽራ ትዝታው ለምን መጨረሻ ላይ ሆነ ብሎ ቢቆጣ፣ «እንግዳው ሲሄድ ታደምጠዋለህ» ብለው መለሱለት። ያ ሰው ከአንድም ሦስት ጊዜ ተመልሶ ሌላ ካሴት አስቀድቷል። የዲጄን ሥራ የተማርሁት እዚያ ባንኮኒ ሥር ተቀምጬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን የምሠራው በሁለት ሸክላ ማጫወቻ ነው። አንዱ ለሕዝቡ ሲሰማ፣ ሁለተኛውን በአንድ ጆሮዬ ብቻ እያደመጥሁ ምታቸው እስኪገጥም ድረስ ፍጥነቱን አስተካክላለሁ። እኔ የምጠቀምበት ዓይነት ማጫወቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቴክኒክስ፣ ፍጥነትን እስከ 8 በመቶ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መግፊያ አለው። ሸክላው ሲዘገይ ድምፁም አብሮ ይወርዳል፤ በ6 በመቶ ብናዘገየው ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል። ቅኝቱ ግን አይፈርስም፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት እንዳለ ስለሚወርድ አምባሰል አምባሰል ሆኖ ይቀራል። የሚያስቸግረው ምቱ ነው። የክለቡ ሐውስ ሙዚቃ እያንዳንዱን ምት በአራት ሲከፍል፣ የእኛ ችክችካ በሦስት ይከፍለዋል። እግር የሚረግጥበት ቦታ አንድ ስለሆነ ግን ሁለቱን ማስማማት ይቻላል፤ በእርግጫዎቹ መካከል የሚፈጠረው መሻማት ነው ሰውን የሚያስጨፍረው። አልበሙ በሙሉ የተገነባው በዚህች መሻማት ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት መጥቼ ከእርስዎ ዘንድ ስመለስ፣ አዲስ አበባ ላይ አንዲት መሰንቆ የምትመታ አዝማሪ ቀድቼ ነበር። ዘፋኝ ሲቀዳ ምቱን የሚቆጥርለት ድምፅ በጆሮው ይሰማል፤ እርሷ ግን ማድመጫውን ገና ስታጠልቀው አውልቃ ወረወረችው። ከዚያም ያዘጋጀሁትን ከበሮ በማጉያ እንድትሰማው ባደርግ፣ መሰንቆዋን አንሥታ በቆምሁበት እንዲህ ሰደበችኝ፦

«ከበሮሽ አይደክመው፣ አይጠማውም ውሃ፤
ሰው የለበት ድምፁ፣ ጭው ያለ በረሃ።»

አባቴ፣ እውነቷን ነበር። ለንደን ተመልሼ ያንን ከበሮ ከነጭራሹ ጣልሁትና ሥራውን ከኋላ ወደ ፊት ጀመርሁት። እርሷ ትንፋሽ በወሰደችበት ቦታ ምቱ እንዲዘገይ፣ በተጣደፈችበት እንዲከተላት አድርጌ፣ የስድስት ደቂቃውን ዘፈን ምት በምት በእጄ አስተካከልሁት፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስድቡንም አላወጣሁትም። አልበሙ የሚከፈተው በእርሱ ነው።

ሌሎቹ ተጋባዦች ሦስት ናቸው። አንዱ ከጃማይካ የመጡ አዛውንት ናቸው፤ በሬጌ ያደገ ጉሮሯቸው ትዝታ ቅኝት ላይ ሲያርፍ እንግድነት አልታየበትም። ሁለተኛዋ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ያደገች የናይጄሪያ ልጅ ናት። ሦስተኛው ራፕ የሚያደርግ የሠፈሬ ወጣት ሲሆን፣ ግጥሙን አምስት ጊዜ አስለውጬው ተቀይሞኛል። አራቱ በአንድ ክፍል ተገናኝተው አያውቁም። እንዲነጋገሩ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፤ ስሜ ከላይ የሚጻፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንንም የጀመርሁት እኔ አይደለሁም። እዚሁ ለንደን ውስጥ፣ ያኔ ኮቨንት ጋርደን ይገኝ በነበረው የአፍሪካ ሴንተር ሙዚቃ ያጫውት የነበረው ጃዚ ቢ፣ ሶል ቱ ሶል በሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1989 የመጀመሪያውን አልበም ሲያወጣ፣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ድምፅ የእርሱ ሳይሆን የዘፋኟ የካሮን ዊለር ነበር። ሬጌውን፣ ሶሉንና የክለቡን ምት በአንድ ያዋለው ግን እርሱ ነው። በኒው ዮርክ ክለቦች ዲጄ የነበረው ማርክ ሮንሰንም እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ራፐሩን፣ የሮክ ዘፋኙንና የሬጌ ዘፋኙን በየዘፈኑ ጋብዞ ነበር። አልበሙ እንደ ታሰበው አልተሸጠምና አሳታሚው ወዲያው አሰናበተው። ይህን የምነግርዎት የእኔም ላይሸጥ እንደሚችል አውቄ መግባቴን እንዲረዱልኝ ነው። ሮንሰን ከሦስት ዓመት በኋላ ከዘፋኟ ከኤሚ ዋይንሃውስ ጋር የሠራው ሥራ ግን ዓለምን አዳረሰ።

ስለ ገንዘቡም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ይህ ጉዳይ እርስዎን እንደሚያሳስብዎት አውቃለሁና። በዚያ ዘመን የሚገለበጠው ካሴት ለዘፋኙ ሳንቲም እንደማያስገባለት፣ የቅጂ መብት ሕጉም የመጣው እርስዎ ሱቁን ከዘጉ በኋላ በ1996 ዓ.ም. መሆኑን ራስዎ በቁጭት አጫውተውኛል። እኔ ከአራቱም ጋር በጽሑፍ ተዋውያለሁ፤ ከእያንዳንዱ ዘፈን ገቢ ግማሹ የዘፋኙ ነው። አዝማሪዋ ውሉን በአማርኛ ካላነበብሁት አልፈርምም ስላለች አስተርጉሜላታለሁ።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው። አልበሙ ዘጠኝ ዘፈን፣ 41 ደቂቃ ሆኖ በሸክላ ይታተማል። ሸክላም እንደ ካሴትዎ ልክ አለው፤ አንዱ ገጽ ከ20 ደቂቃ ብዙ ከዘለለ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል። መርፌው ወደ መሐል በቀረበ ቁጥርም ድምፁ ስለሚሻክር፣ ከበሮው የበረታ ዘፈን በገጹ መጨረሻ ላይ ባይቀመጥ ይመረጣል። በመጀመሪያው ገጽ አራቱን ዘፈኖች አስቀምጬ 16 ደቂቃ ሞልቶልኛል፤ የቀረው ቦታ ለአንድ ብቻ ነው። የአዛውንቱ ትዝታ አራት ደቂቃ ተኩል ነው፤ ጸጥ ያለ ስለሆነ ለመዝጊያ ይመቻል፤ ነገር ግን ከፊቱ ያለውም ትዝታ ነው። የናይጄሪያዊቷ ባቲ አራት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ጆሮን ያነቃል፤ ከበሮው ግን ከባድ ነው። ማተሚያ ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቀኛል።

ሁለቱንም በካሴት አስቀድቼ ወደ ደሴ በሚመጣ ሰው ልኬልዎታለሁ። ማጫወቻዎ ቀበቶው ካረጀ፣ አዲስ ቀበቶ ከካሴቱ ጋር አብሮ አለ። አድምጠው፣ የቱ በመጀመሪያው ገጽ እንደሚገባ እንደ ጥንቱ በእርሳስ ጽፈው ይላኩልኝ።

እጅ ነሥታ የምትሰናበትዎት
ልጅዎ
ለንደን