ካርድ ከመውጣቱ በፊት

ለአዘጋጁ፦

ብዙ ትምህርት ቤቶች ወላጅ የሚጠሩት ካርድ ሲሰጥ ወይም ልጅ ሲያጠፋ ነው። «ወላጅ አምጣ» ቅጣት መስሎ ቢሰማ አይገርምም።

ሆምሩም መምህሩ ጥቅምት ሳይጋመስ ለየቤተሰቡ 10 ደቂቃ ይስጥ፤ 50 ተማሪ በሦስት ቅዳሜ ጠዋት ያልቃል። መርካቶ ለሚነግዱት ግን ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ፣ በአዘቦት ቀን ከጠዋቱ 1:30 በር ላይ ያግኛቸው።

የመገናኛ ደብተሩስ? «ሂሳብ ላይ ደካማ ነው» የሚል ጽሑፍ ለእናት ምን ይፈይዳል? «1/2 ሲደመር 1/3ን 2/5 ይላል፤ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት እየደመረ ነው። ማታ አንድ እንጀራ ላይ ግማሹንና ሲሶውን ለይቶ ያሳይዎት» ቢባል ግን ፊደል ያልቆጠረችም ትረዳዋለች፤ የሚያነብላት ካለ። ፊርማ ብቻ ከተጠየቀ ታላቅ ወንድም ፈርሞ ይመልሰዋል።

ሁለት መምህራን፣ ከአራት ኪሎ