ስሕተቱ ከጥያቄው ውስጥ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የጠቅላላ ዕውቀት ዓምዳችሁን ዘወትር ከሚከታተሉ አንባቢያን አንዱ ነኝ። ባለፈው ሳምንት «ጠፈርተኞች የመሬት ስበት በሌለበት የጠፈር ጣቢያ ውስጥ የሚንሳፈፉት ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አውጥታችሁ ነበር። እኔም ከአራቱ አማራጮች አንዱን ለመምረጥ ስጣደፍ «የመሬት ስበት በሌለበት» የሚለውን ሐረግ ሳልመረምር አለፍኩት። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ያለው ስበት ግን በምድር ገጽ ላይ ካለው 90 በመቶ ያህል ነው። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት፣ ጣቢያውም እነርሱም በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተምዘገዘጉ አብረው ያለማቋረጥ ወደ ምድር ስለሚወድቁ ነው፤ ስበት ባይኖርማ ጣቢያው መዞሩን ትቶ ቀጥ ብሎ በሄደ ነበር።

ይህን ባላውቅ ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ፤ የከነከነኝ ግን የተማርኩት ነገር መሆኑ ነው። ሰው ጥያቄ ሲቀርብለት ሐሳቡ የሚሮጠው ወደ መልሱ ነው፤ በጥያቄው ውስጥ ታዝሎ የገባውን ሐሰት ዞር ብሎ አያየውም። ኤሪክሰንና ማትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት «ሙሴ ከእያንዳንዱ የእንስሳት ዓይነት ስንት ስንት ወደ መርከቡ አስገባ?» ተብለው ከተጠየቁት ብዙዎቹ፣ የመርከቡ ባለቤት ኖኅ መሆኑን እያወቁ፣ «ሁለት» ብለው መልሰዋል። ሁለቱም የብሉይ ኪዳን ሰዎች ናቸውና የስሙ መለወጥ ጆሮ አይቆረቁርም። (የተጠራጠረ እቤቱ ይሞክረው።)

አሳሳች ጥያቄ ሁሉ ይቅር ማለቴ አይደለም። «ለምድር ከሁሉም የሚቀርበው ኮከብ የትኛው ነው?» ሲባል ፀሐይን ረስቶ ከእርሷ ቀጥሎ የሚቀርበውን ኮከብ፣ ፕሮክሲማ ሴንቶሪን፣ የሚጠራ ሰው የተሳሳተው በራሱ ችኮላ ነው፤ በጥያቄው ውስጥ አንድም ሐሰት የለበትም። የእናንተው ግን አንባቢው መልሱን ቢያገኝም ባያገኝም ሐሰቱን አሸክሞ ይሸኘዋል። በዚህ ሳምንት ያወጣችሁት መልስ «አብረው ስለሚወድቁ» የሚል ሲሆን ትክክል ነው፤ ስለ ሐረጉ ግን አንድም ቃል አላነሣም። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም እርማት እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጥያቄውን ለማቃናት ሦስት ቃላት ማውጣት ይበቃል፦ «ጠፈርተኞች በጠፈር ጣቢያ ውስጥ የሚንሳፈፉት ለምንድን ነው?»

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ