ጉዳዩ፦ የክፍል ጓደኛችንን ስለማሰብና ስለ ልጆች የጉሮሮ ሕመም

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

እንደምን ሰነበታችሁ? በ1988 ዓ.ም. በዚሁ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የነበርን ጓደኛሞች በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እንሰባሰባለን። ማትሪክ ሳይፈተን ላረፈው የክፍል ጓደኛችን መታሰቢያ እንዲሆኑ የገዛናቸውን የሒሳብና የፊዚክስ መጻሕፍት እናስረክባለን። እንድትገኙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሞተበትን ምክንያት ግን ከቅዳሜ በፊት ብታውቁልኝ እወዳለሁ፤ ዛሬም ልጆቻችንን የሚያሰጋ ነውና።

የፊዚክስ ደብተሩ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የተለበደ ነበር። ጽሑፉ ስለሚያምር ፈተና ሲደርስ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይሰነብታል፤ እሱ ግን አንድም ቀን «መልሱልኝ» ብሎ አያውቅም። ወደ ክፍል ስንወጣ መሐል ላይ የደረጃውን ብረት ይዞ ይቆምና «ቅደሙ፣ እደርሳለሁ» ይለናል። ስፖርት ስንሠራ የሁላችንንም ሹራብ ታቅፎ ጥግ ይቀመጣል። ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው ትራስ ደራርቦ ቁጭ ብሎ ያድር እንደነበር የሰማነው ለቅሶ ቤት ነው። በደንብ ልብሳችን ስንገባ እናቱ አንድ በአንድ አዩንና ደብተሩ ማን ጋ እንዳለ ጠየቁ። አንዷ የክፍላችን ልጅ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው።

ሕመሙ የጀመረው ከጉሮሮ ነው። ልጅ ሳለ ጉሮሮውን ሲያመው ዝንጅብል በማርና ዳማከሴ ይሰጡት ነበር፤ በየቤታችን የሚደረገው ይኸው ነው። ቆይቶ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እየተፈራረቁ ያብጡ ጀመር።

ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሪህማቲክ ትኩሳት ያስከትላል። መጋጠሚያው እብጠቱ ይለቀዋል፤ የልብ ቫልቮች፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉት የልብ በሮች፣ ግን ተጎድተው ሊቀሩ ይችላሉ። በብዛት የሚጠቁት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣና በራሱ የሚድን ነው። ሆኖም ልጃችሁ ካተኮሰው፣ ለመዋጥ ከተቸገረ፣ አንገቱ ሥር ካበጠና ሳልም ንፍጥም ከሌለው ሳታሳድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የታዘዘለትን መድኃኒት ቢሻለውም ይጨርስ። እባካችሁ እንጥል አታስቆርጡ፤ ከዚህ በሽታ አያድንም፣ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣል።

ሪህማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት መወጋት አለበት። መርፌው የተጎዳውን ቫልቭ ባይጠግንም በሽታው እንዳያገረሽ ይከላከላል። ዛሬ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተቋቋመ የሕፃናት የልብ ሕክምና ማዕከል አለ። ያኔ አልነበረም። ቢኖርም ወላጅ ወረፋ ከሚጠብቅ ጉሮሮን በጊዜ ማሳከም ይቀላል።

ልጃችሁ ይህን መርፌ የሚወጋ ከሆነ ለክፍል ኃላፊው መምህር ብቻ ንገሩ። በመርፌው ቀን ቀሪ አይባልም፤ ያመለጠው ፈተናም በሌላ ቀን ይሰጠዋል። የስፖርት መምህራኑም ሐኪሙ ከፈቀደው በላይ እንዳያሠሩት አሳስቤያለሁ። ቅዳሜ የጤና ጣቢያ ነርስ ስለምትገኝ ጥያቄ ያላችሁ እሷን ልታነጋግሩ ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር